እግር ሲደነዝዝ፣ ዓይን ሲደበዝዝ፦ ኤምኤስንና መሰል የነርቭ በሽታዎችን ባሕር ዳር ላይ ሆኖ ለመለየትና ለመያዝ

ባሕር ዳር ውስጥ አንድ ሰው «እግሬን ደነዘዘኝ» ሲል ምክር ከየአቅጣጫው ይጎርፋል። አንዱ መጋኛ ነው ይላል። ሌላው ምች ነው ይላል። ጎረቤት «ነርቭ ነው፣ የነርቭ መርፌ ተወጋ» ይላል። ቫይታሚን ይገዛል፣ ይወጋል። ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ድንዛዜው በራሱ ጊዜ ጋብ ሲል ነገሩ ይረሳል። ዓመት ቆይቶ አንድ ዓይን ይደበዝዛል። ያኔ የድሮውን ድንዛዜ ከአዲሱ ድብዘዛ ጋር የሚያገናኝ ሰው አይገኝም።

ይህን የምጽፈው ለዚያ ሰው ነው፤ ከእሱም ይበልጥ ለአስታማሚው። በእኛ አካባቢ መልቲፕል ስክሌሮሲስን፣ በአጭሩ ኤምኤስን፣ የሚመስሉ በሽታዎች ብዙ ናቸው። ከእነሱ መካከል በቀላሉ የሚድኑ አሉ። የአንዱ መድኃኒት ሌላውን የሚያባብስበት ጊዜም አለ። ስለዚህ ለበሽታው ስም ለማውጣት አትቸኩሉ፤ ለማጣራት ግን ቸኩሉ። መመሪያው ሐኪም አይተካም። ሐኪም ፊት ስትቀርቡ ባዶ እጃችሁን እንዳትሆኑ ነው የተጻፈው።

ከሁሉ በፊት፦ ድንገተኛውን ለዩ

አንድ ጎን እጅና እግር በደቂቃዎች ውስጥ ከከዳ፣ አፍ ከተጣመመ፣ ምላስ ከተሳሰረ ስትሮክ ሊሆን ይችላል። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው በመጀመሪያዎቹ 4.5 ሰዓታት ውስጥ ነው። መድኃኒቱ ባይገኝ እንኳ ቶሎ የደረሰ ታካሚ ከዘገየው የተሻለ ዕድል አለው።

ሁለቱም እግሮች እየከዱ ሽንት እምቢ ካለ፣ ወይም መቀመጫና ብልት አካባቢ ከደነዘዘ፣ ሕብለ ሰረሰሩ፣ ማለትም ከአንጎል ተነሥቶ በጀርባ አጥንት ውስጥ የሚወርደው የነርቭ ገመድ፣ ተጭኖት ሊሆን ይችላል። ይሄ በዚያው ቀን መታየት አለበት። ድክመቱ ከእግር ጀምሮ በቀናት ውስጥ ወደ ላይ እየወጣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ ደግሞ ጊላን ባሬ የሚባለው በሽታ ይጠረጠራል፤ እሱም አያድርም።

በእነዚህ ሦስት ጊዜያት ቀጠሮ መጠበቅ የለም። ያገኛችሁትን መኪና ወይም ባጃጅ ያዙና ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ግቡ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህ ችግር ለሌለበት ሰው ነው።

ኤምኤስ ምን ያደርጋል?

ነርቮቻችን የኤሌክትሪክ ሽቦ ላስቲክ እንዳለው ሁሉ ልባስ አላቸው። ማየሊን ይባላል። በኤምኤስ ሰውነት ራሱን የሚከላከልበት ኃይል ይሳሳትና ይህን ልባስ ያጠቃል። የሚጠቃው አንጎል፣ ሕብለ ሰረሰርና የዓይን ነርቭ ላይ ነው። ልባሱ በተላጠበት ቦታ መልእክቱ ይዘገያል ወይም ይቋረጣል። ለዚህ ነው አንዱ ታማሚ ዓይኑን፣ ሌላው እግሩን፣ ሌላው ሽንቱን የሚያመው።

አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በ20 እና በ40 ዓመት መካከል ነው። ሴቶች ላይ ከወንዶች ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይበዛል። ከታማሚዎቹ 85 በመቶ ገደማ ላይ እያገረሸና ጋብ እያለ ነው የሚጀምረው። በ2020 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 2.8 ሚሊዮን ያህል ሰዎች አብረውት እንደሚኖሩ ተገምቷል። «የፈረንጅ በሽታ ነው» የሚለው ንግግር ብዙ ሰው አዘግይቷል። እነሱ ዘንድ ይበዛል እንጂ እኛ ዘንድ የለም ማለት አይደለም። አይተላለፍም። ከአንድ ትሪ መብላትም ሆነ አብሮ መተኛት አያስይዝም።

አንደኛ፦ ደብተር ያዙ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይሄን ውሰዱ። የነርቭ በሽታ የሚለየው በአብዛኛው በታሪኩ ነው። ሐኪሙ የሚያያችሁ ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ በዚያች ደቂቃ «ቆየት ብሏል፣ ይመጣል ይሄዳል» ካላችሁት ምንም አልነገራችሁትም። የተማሪ ደብተር ግዙና እንዲህ ጻፉ፦

«ሚያዝያ 12፣ ጠዋት። ግራ ዓይኔን ሳንቀሳቅስ ያመኛል። ሚያዝያ 14፣ በግራ ዓይኔ ብቻ ሳይ የሰው ፊት አይለየኝም። ትኩሳት የለም። ግንቦት 6፣ ማንበብ ጀመርኩ። ቀይ ቀለም ግን አሁንም ፈዛዛ ነው።»

ይህች አጭር ማስታወሻ ለነርቭ ሐኪም ብዙ ትናገራለች። መቼ ጀመረ? ለመክፋት ስንት ቀን ፈጀ? ስንት ሳምንት ቆየ? ምን ያህሉ ተመለሰ? ትኩሳት ነበረ ወይ? አምስቱም መልስ አላቸው።

አጀማመሩን በተለይ አትዝለሉት። በደቂቃ የመጣ ነገር ወደ ደም ስር ያመለክታል። በሰዓታትና በቀናት እየከፋ ሄዶ፣ ለሳምንታት ቆይቶ የሚመለስ ነገር የኤምኤስና የቤተዘመዶቹ ባሕርይ ነው። በወራት ቀስ እያለ የሚብስ፣ መለስ የማይል ነገር ደግሞ እጢን፣ ቲቢን፣ የቫይታሚን እጥረትን ያስጠረጥራል። እንደ ግርሻ የሚቆጠረው ቢያንስ 24 ሰዓት የቆየ፣ ትኩሳት ወይም ኢንፌክሽን ያላመጣው ለውጥ ነው። ሁለት ግርሻ ለመባል በመካከላቸው ቢያንስ 30 ቀን ያስፈልጋል። ለሰከንድ ውርር ብሎ የሚጠፋ ነገር ግርሻ አይደለም።

ቤት ውስጥ የምትሞክሯት ቀላል ነገር አለች። ቀይ የለስላሳ ቆርኪ ውሰዱ። አንድ ዓይን በእጅ ሸፍኑና በሌላው ተመልከቱት፤ ከዚያ ቀይሩ። በአንዱ ዓይን ቀዩ ደማቅ፣ በሌላው የታጠበ ጨርቅ መስሎ ከታየ የዓይን ነርቭ ተነክቶ ሊሆን ይችላልና ጻፉት። የዓይን ክሊኒክ ሄዳችሁ «መነጽር ነው የሚያስፈልግህ» ብትባሉም ይህን ተናገሩ። ሌላም አለ፤ አንገት ሲያቀረቅሩ ከጀርባ ወደ እግር ኤሌክትሪክ የሚነዝር ስሜት። ብዙ ሰው አፍሮ አይናገረውም። ተናገሩት።

ያለፈውንም አስታውሱና በመጀመሪያው ገጽ ጻፉ። «የዛሬ ሁለት ዓመት ጥምቀት ሰሞን ሁለት ሳምንት እጄን ደንዝዞኝ ነበር» የሚለው ዓረፍተ ነገር ምርመራውን ሊለውጠው ይችላል። ስንቱን ነገር ነው «ድካም ነው» እያልን ያሳለፍነው!

ሁለተኛ፦ ርካሹን ምርመራ አስቀድሙ፤ የእኛን አገር መሳዮች አጣሩ

ብዙ ቤተሰብ በሬ ሸጦ በቀጥታ ወደ ኤምአርአይ፣ የሰውነትን ውስጥ በማግኔት ወደሚያነሣው ማሽን፣ ይሮጣል። እኔ ግን የደም ምርመራው ይቅደም እላለሁ፤ ዋጋው ዝቅ ያለ ነው፣ የሚገኘውም ብዙ ጊዜ የሚድን በሽታ ነው። የጤና መድህን ያላችሁ ከጤና ጣቢያ ጀምራችሁ ሪፈር አጽፋችሁ ሂዱ። ሪፈሩን ዘልላችሁ ከሄዳችሁ ወጪው በእናንተ ላይ ሊወድቅ ይችላል።

*ቫይታሚን ቢ12።* የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ ነው፤ ከሥጋ፣ ከእንቁላል፣ ከወተት፣ ከዓሣ። ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ስለሚያከማች ጾም ብቻውን ቶሎ አያጎድለውም። በፍስኩም ሥጋና ወተት ብዙም የማይቀምስ ሰው፣ ጨጓራው የታመመ፣ ወይም ለስኳር ሜትፎርሚን ለዓመታት የወሰደ ሰው ግን ሊያጥረው ይችላል። እግር ይደነዝዛል፣ መሬቱ አይጨበጥም፣ በጨለማ መራመድ ያቅታል። ሳይዘገይ ከተደረሰበት ይመለሳል። አንድ ማሳሰቢያ፦ «የነርቭ መርፌ» የሚባሉት ብዙዎቹ ቢ12 አለባቸው። ከመመርመራችሁ በፊት ከተወጋችሁ ውጤቱ ደህና መስሎ ይወጣል። መጀመሪያ ደም ስጡ፣ ከዚያ ተወጉ። ከተወጋችሁም አትደብቁ።

*ጓያ።* ደምቢያና ፎገራ ለጓያ ሽባነት እንግዳ አይደሉም፤ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. እዚያ አካባቢ እንደ ወረርሽኝ ሆኖ ታይቷል። ድርቅ ሲመጣ ሌላው እህል ጠፍቶ ጓያ ብቻ ለወራት ሲበላ የሚመጣ ነው። ሁለቱም እግሮች ይገታተራሉ፤ ሰውየው በጣቱ ጫፍ፣ ጉልበቱን እያጋጨ ይሄዳል። ጉልበት የበዛበት ሥራ የሚሠሩ ወጣት ወንዶች ላይ ይበረታል። ከኤምኤስ የሚለየው ስሜት አይጠፋም፣ ዓይን አይነካም፣ መጥቶ አይሄድም። ከመጣ በኋላ አይድንም፤ ጓያውን ማቆም ግን እንዳይብስ ያደርጋል። ከገጠር የመጣ ታማሚ ካላችሁ በክፉ ቀን ምን ይበላ እንደነበር ጠይቁት። ድህነት መስሎት ይደብቃል፤ ስለዚህ በክብር ጠይቁት።

*የአከርካሪ ቲቢ።* የጀርባ ሕመም ይቀድማል። ሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ፣ አንዳንዴም ጀርባ ላይ ጉብታ ይኖራል። ሳንባ ላይ ሳይታይም አከርካሪ ላይ ሊኖር ይችላል። እግር ሙሉ በሙሉ ሳይከዳ ከተጀመረ በቲቢ መድኃኒት ብዙ ሰው ተነሥቶ ሄዷል።

*ቢልሃርዝያ።* ይሄ የጣና ዳርቻ ሰው ሊያውቀው የሚገባ ነው። ሐይቁ ዳር ባሉ ሰፈሮችና መንደሮች የአንጀት ቢልሃርዝያ አለ። አልፎ አልፎ የትሉ እንቁላል ወደ ሕብለ ሰረሰር ይሄድና በሳምንታት ውስጥ እግር ያደክማል፣ ሽንት ያግዳል። ዓሣ አስጋሪ ከሆናችሁ፣ ዳር ላይ ልብስ ካጠባችሁ፣ ከዋኛችሁ፣ ወይም እንቦጭ ለመንቀል ውሃ ውስጥ ከገባችሁ ለሐኪሙ ንገሩ። ካልነገራችሁት ላያስበው ይችላል። ሰገራ ላይ አለመገኘቱም ብቻውን የለም አያሰኝም። የትሉ መድኃኒት ፕራዚኳንቴልና እብጠትን የሚቀንሰው ስቴሮይድ በጊዜው ከተሰጡ ብዙው ይመለሳል።

ኤችአይቪና ቂጥኝም መመርመር አለባቸው፤ ሁለቱም የነርቭ ሥርዓትን ይነካሉ፣ ሁለቱም መድኃኒት አላቸው። ያልፈላ ወተት የሚጠጣ ሰው ከከብት ስለሚተላለፈው ብሩሴላ ይጠይቅ። ሙሉ የደም ቆጠራ፣ ስኳር፣ እንቅርት፣ ኩላሊትና ጉበት፣ የደረት ራጅ ይጨመሩ። ይህ ሁሉ አልቆ ምንም ካልተገኘ አሁን ወደ ውድ ምርመራው እንሂድ።

ሦስተኛ፦ ኤምአርአይን በአግባቡ አስነሡ

እዚህ ላይ ብዙ ገንዘብ ይባክናል። እግሩ የደነዘዘ ሰው የወገብ ኤምአርአይ ተነሥቶ «ዲስክህ ትንሽ ወጥቷል» ተብሎ ይመለሳል። ነገር ግን ሕብለ ሰረሰር የሚያልቀው የወገብ አጥንት በሚጀምርበት አካባቢ ነው። የእግር ችግር መነሻው አንገት ወይም ደረት ጀርባ ላይ ሊሆን ይችላል። ወገብ ብቻ ከተነሣ ቁስሉ ፎቶ ውስጥ አይገባም። ወገብ ላይ ትንሽ የዲስክ መውጣት ደግሞ በጤነኛ ሰው ላይም ይታያል። ስለዚህ ኤምኤስ ከተጠረጠረ ሐኪማችሁን «አንጎልና የአንገት፣ የደረት ሕብለ ሰረሰር ነው ወይ የሚነሣው? ከማቅለሚያ ጋር ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ማቅለሚያው፣ ጋዶሊኒየም ይባላል፣ አዲስ ቁስልን ከአሮጌ ይለያል። ከመወጋቱ በፊት የኩላሊት ውጤት ይታያል። ሰውነት ውስጥ ብረት ወይም የልብ ማሽን ካለ፣ ወይም እርግዝና ካለ አስቀድሞ መነገር አለበት።

ወደ ጎንደር ወይም ወደ አዲስ አበባ ከመሄዳችሁ በፊት ደውላችሁ ማሽኑ እየሠራ መሆኑን አረጋግጡ። ያን ሁሉ መንገድ በሽተኛ ይዞ ሄዶ «ማሽን ተበላሽቷል» መባል ልብ ይሰብራል።

ስትወጡ ሁለት ነገር ሳትይዙ አትውጡ፦ ወረቀቱንና ሲዲውን። የነርቭ ሐኪም ማየት የሚፈልገው ምስሉን ራሱን ነው። ሲዲው እንዳይጫር በጨርቅ ጠቅልላችሁ አስቀምጡ፣ ቢቻል ፍላሽ ላይ አስገልብጡት። ከሁለት ዓመት በኋላ አዲሱ የሚነጻጸረው ከእሱ ጋር ነው።

ውጤቱ ላይ «ነጫጭ ነጠብጣብ ታይቷል» ቢል ኤምኤስ ነው ማለት አይደለም። የደም ግፊት፣ ማይግሬን፣ ዕድሜም ነጠብጣብ ያመጣሉ። ሐኪሞች ማክዶናልድ የሚባለውን መስፈርት ይጠቀማሉ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ጉዳቱ በተለያየ ቦታና በተለያየ ጊዜ መድረሱ መታየት አለበት፣ ሌላ የተሻለ ምክንያትም መኖር የለበትም። በ2017 እ.ኤ.አ. መስፈርት የሚቆጠሩት አራት ቦታዎች ነበሩ፤ በ2024ቱ ማሻሻያ የዓይን ነርቭ አምስተኛ ሆኗል። ከሦስቱ ነጥቦች ለእኛ አገር የሚከብደው ሦስተኛው ነው። ሁለተኛውን ደረጃ መዝለል የማይገባውም ለዚህ ነው።

አራተኛ፦ የጀርባ ውሃ

«ከጀርባ ውሃ ከተቀዳ ሽባ ያደርጋል» የሚለው ወሬ ስንቱን ከምርመራ አሽሽቷል። መርፌው የሚገባው ሕብለ ሰረሰር ካለቀ በኋላ ባለው ቦታ ነው። የሚያጋጥመው የተለመደ ችግር ራስ ምታት ነው፤ ሲቀመጡ ይብሳል፣ ሲተኙ ይቀላል፣ አብዛኛውን ጊዜ በቀናት ውስጥ ያልፋል። ፈሳሹ ቲቢንና ሌላ ኢንፌክሽንን ለማጣራት ይረዳል። ኦሊጎክሎናል ባንድ የሚባለው ምርመራ ከተሠራ ደግሞ ለኤምኤስ ማስረጃ ይጨምራል።

አምስተኛ፦ ኤምኤስ ነው ወይስ ኤንኤምኦ?

ይህ ጥያቄ ሳይመለስ የረጅም ጊዜ መድኃኒት አትጀምሩ። ኤንኤምኦ፣ ኒውሮማየላይቲስ ኦፕቲካ፣ ለረጅም ዘመን የኤምኤስ ዓይነት ይመስል ነበር። በ2004 እ.ኤ.አ. የራሱ መለያ የሆነ ፀረ እንግዳ አካል በደም ውስጥ ተገኘ፤ አኳፖሪን 4 የሚባለውን ፕሮቲን የሚያጠቃ ነው። ጥቁር ሕዝብና እስያውያን ላይ ከነጮች ይበልጥ ይታያል። እኛን በቀጥታ ይመለከተናል ማለት ነው።

ባሕርዩ ይከብዳል። ሁለቱንም ዓይን ሊያጠቃ ይችላል። ሕብለ ሰረሰር ላይ የሚታየው ቁስል ረጅም ነው፤ ሦስት የአከርካሪ አጥንትና ከዚያ በላይ ይሸፍናል። የኤምኤስ ቁስል አጭር ነው። ሌላም ልዩ ምልክት አለው፦ ለቀናት የማያቆም ስቅታና ትውከት። ሰው የጨጓራ ነው እያለ ሲታከም ይቆያል። የደነዘዘ ወይም ዓይኑ የታመመ ሰው ስቅታ አልቆም ብሎት ከነበረ ደብተሩ ላይ በትልቁ ይጻፍ።

ልዩነቱ ለምን ይህን ያህል ይጨንቀኛል? ኢንተርፌሮን ቤታ፣ ፊንጎሊሞድና ናታሊዙማብ የሚባሉት የኤምኤስ መድኃኒቶች ኤንኤምኦን ያባብሱታል። አንድ ከባድ ግርሻ ብቻውን ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ የአኳፖሪን 4 ደም ምርመራ ይታዘዝ ዘንድ ጠይቁ። የሚቻል ከሆነ ደሙ የሚወሰደው ስቴሮይድ ከመጀመሩ በፊት ነው፤ ናሙናው ተልኮ ውጤቱ እስኪመጣ ግን ሕክምናው መቆም የለበትም። ሞግ የሚባል ሦስተኛ ዘመድም አለ፣ በተለይ ልጆች ላይ። እሱም በደም ይለያል።

ስድስተኛ፦ ሲያገረሽ

መጀመሪያ እውነተኛ ግርሻ መሆኑን አጣሩ። የሰውነት ሙቀት ሲጨምር የተጎዳ ነርቭ ይባስ ይደክማል። ወባ፣ የሽንት ኢንፌክሽን፣ ጉንፋን የድሮውን ምልክት መልሰው ያመጡታል። በእኛ ከተማ ይሄ ትልቅ ጉዳይ ነው። ትኩሳት ካለ የወባ ምርመራና የሽንት ምርመራ ይቅደሙ። ወባው ሲታከም እግሩ መለስ ካለ ግርሻ አልነበረም፤ ስቴሮይድም አያስፈልገውም።

እውነተኛ ከሆነና ከባድ ከሆነ ሜቲልፕሬድኒሶሎን 1 ግራም በቀን፣ ከ3 እስከ 5 ቀን በደም ስር ይሰጣል። ማገገሙን ያፈጥናል። ኤምኤስ ላይ የወደፊቱን ግን አይለውጥም። ኤንኤምኦ ከሆነ ደግሞ ከዚህ በኋላ በኪኒን መቀጠል ይኖራል። ስቴሮይድ የተኛ ቲቢን ሊቀሰቅስ፣ ስኳር ከፍ ሊያደርግ፣ እንቅልፍ ሊነሣ ይችላል። ከመጀመሩ በፊት ስለ ቲቢና ስለ አንጀት ትላትል ሐኪሙን ጠይቁ። የስቴሮይድ ኪኒን የሆነውን ፕሬድኒሶሎን ለሳምንታት የወሰደ ሰው በድንገት ማቆም የለበትም። ሰውነት የራሱን ሆርሞን ማምረት ትቶ ስለሚቆይ ሕይወት እስከማሳጣት ይደርሳል። በሐኪም ትእዛዝ ቀስ እየተባለ ነው የሚቀነሰው።

ሰባተኛ፦ የረጅም ጊዜ መድኃኒት

ኤምኤስን ሙሉ በሙሉ የሚያድን መድኃኒት የለም። ግርሻን የሚቀንሱና ጉዳቱን የሚያዘገዩ ግን አሉ። ቶሎ መጀመሩ ዋጋ አለው፤ «እግሬ ተመልሷል» ብሎ መተው የሚቆጨውም ለዚህ ነው። በሐምሌ 2023 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ድርጅት ሦስት የኤምኤስ መድኃኒቶችን፣ ግላቲራመር አሲቴትን፣ ክላድሪቢንንና ሪቱክሲማብን፣ በአስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷል። ለኤንኤምኦ ሪቱክሲማብ፣ አዛታዮፕሪንና ማይኮፌኖሌት ይሰጣሉ።

ሪቱክሲማብ ከመጀመሩ በፊት የጉበት ቫይረስ ቢ፣ ኤችአይቪና ቲቢ ይመረመራሉ። አዛታዮፕሪን የሚወስድ ሰው የደም ቆጠራና የጉበት ምርመራ አለበት፤ መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ፣ በኋላ በየሦስት ወሩ። ለሪህ የሚሰጠው አሎፑሪኖል ከእሱ ጋር አደገኛ ነው። ክትባት ከመውሰዳችሁ በፊትም ተናገሩ፤ ሕያው ክትባቶች ክልክል ሊሆኑ ይችላሉ።

አሁን ስለ ቅዝቃዜ። ኢንተርፌሮን፣ ግላቲራመርና ሪቱክሲማብ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለባቸው። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የምታመጡ ከሆነ የዓባይ በረሃን ሙቀት አስቡ። ትንሽ የማቀዝቀዣ ሳጥን ያዙ። በረዶውን በፎጣ ጠቅልሉት፤ መድኃኒቱ በረዶውን እንዳይነካ፣ እንዳይረጋ። የረጋ መድኃኒት ቀልጦ ደህና ቢመስልም አይሠራበትም። ሳጥኑ እግራችሁ ሥር እንጂ የአውቶቡስ ጣሪያ ላይ አይጫን። ቤት ስትደርሱ ፍሪጅ ውስጥ መካከለኛው መደርደሪያ ላይ አኑሩት። መብራት ሲጠፋ ፍሪጁን አትክፈቱት።

ስምንተኛ፦ ቤት ውስጥ

*ሙቀት።* ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው የባሕር ዳር ሙቀት ለኤምኤስ ታማሚ ይከብዳል። ከሰዓት በኋላ ዓይን ይፈዛል፣ እግር ይጎተታል፣ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። አያስደነግጣችሁ፤ አዲስ ጉዳት አይደለም። ገበያና ጉዳይ በጠዋት ይለቅ። ነጠላ ውሃ ውስጥ ነክሮ፣ ጨምቆ አንገት ላይ ማድረግ ይረዳል። እንቅስቃሴ ግን አይቅር። ማለዳ ሐይቁ ዳር በጥላው ሥር ደከም እስኪል ድረስ መሄድ፣ ማረፍ፣ እንደገና መሄድ።

*ሽንት።* ከሁሉም ይልቅ ሰው የሚያፍርበት ይሄ ነው። ብዙዎች እንዳያመልጣቸው ውሃ መጠጣት ያቆማሉ። ሽንቱ ይወፍራል፣ ኢንፌክሽን ይመጣል፣ ትኩሳቱ ደግሞ እግሩን ያደክማል። ውሃ ጠጡ፤ የምትቀንሱት ከመኝታ በፊት ባሉት ሁለት ሰዓታት ብቻ ነው። ሽንት ተሟጥጦ የማይወጣ ከሆነ በቀን ብዙ ጊዜ ንጹሕ ካቴተር፣ ቀጭን የሽንት ቱቦ፣ አስገብቶ ማውጣት ይቻላል። ነርስ በአንድ ሁለት ቀን ታስተምራችኋለች። ሁልጊዜ ከሚንጠለጠል ላስቲክ ይሻላል።

*ግትርነትና መውደቅ።* በቀን ሁለት ጊዜ እግርን ቀስ አድርጎ መዘርጋት ከመድኃኒት ባልተናነሰ ይጠቅማል። የተገታተረ ጡንቻ የሚያላላው ባክሎፌን ከታዘዘ በትንሹ ተጀምሮ ይጨመራል፤ እሱም በድንገት አይቆምም። ሽንት ቤት ቁጢጥ ማለት የሚከብደው ሰው ካለ አናጢ መካከሉ የተቀደደ ወንበር ይሥራለት፤ ሽንት ቤቱ ላይ ይቀመጣል። ግድግዳው ላይ የሚያዝ ብረት ይጨመር። ከዘራ መያዝ ነውር አይደለም። የተሰበረ ዳሌ ግን ከኤምኤሱ የባሰ አልጋ ያስይዛል።

*የአልጋ ቁስል።* መነሣት የማይችልን ሰው ሌሊትም ቀንም በየሁለት ሰዓቱ አገላብጡ። ተረከዝ፣ ዳሌና ከወገብ በታች ያለውን አጥንት በየቀኑ እዩ። ጥቁር ቆዳ ላይ መቅላት አይታይም፤ መጥቆሩን፣ መሞቁን ወይም መጠንከሩን በእጅ ፈትሹ።

*ልብ።* ታማሚ «ሸክም ሆንኩባችሁ» ማለት ሲጀምር፣ መብላት ሲተው፣ ሌሊት ሲነቃ ድብርት ሊሆን ይችላል። ኤምኤስ ላይ ድብርት በብዛት አለ፤ በሽታው ራሱም ያመጣዋል። የእምነት ማነስ አይደለም። ይታከማል። መሞት እፈልጋለሁ ካለ ብቻውን አይተዉት፣ በዚያው ቀን ሐኪም ያየው። አስታማሚም ይደክማል። እህት፣ አጎት፣ ጎረቤት ተራ ይግባ፤ ሁሉም በአንዲት ሴት ልጅ ጫንቃ ላይ አይውደቅ።

ማጨስ በሽታውን ያባብሳል፤ አቁሙ።

ጸበልና ጾም

እምነታችሁን የሚነካ ምክር አልሰጥም። ጸበል የሚሄድ ሰው መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ፣ በሰዓቱም ይዋጥ። እርጥብ ድንጋይ ላይ የሚይዘው ሰው አብሮት ይኑር። የታመመ ሰው ጾምን በተመለከተ ንስሐ አባቱን ያማክር፤ ሙስሊምም እንዲሁ ሼኹን። ቢ12 ያጠረው ሰው መርፌው ወይም ኪኒኑ በጾምም አይቋረጥም።

እርግዝና

ኤምኤስ መውለድን አይከለክልም። በእርግዝና፣ በተለይ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት፣ ግርሻ ይቀንሳል። ከወሊድ በኋላ ባሉት ሦስት ወራት ግን ከፍ ይላል። ስለዚህ አራስ ቤት ያለችውን እናት ተከታተሉ። አንዳንድ መድኃኒቶች ፅንስን ስለሚጎዱ ንግግሩ ከእርግዝናው በፊት ይሁን። ኤንኤምኦ ላይ ነገሩ ይለያል፤ መድኃኒት ማቆም አደገኛ ሊሆን ይችላልና ያለ ሐኪም አትወስኑ።

መንገድ ሲዘጋ

በእኛ ክልል መንገድ የሚዘጋበትና ስልክ የሚቋረጥበት ጊዜ አለ። ኪኒን ሊያልቅ ሲል ሳይሆን ግማሽ ሲደርስ ግዙ። ፕሬድኒሶሎንና ባክሎፌን በድንገት ስለማይቆሙ የአንድ ወር ትርፍ ቤት ይኑር። የመድኃኒቱን ስምና መጠን፣ የሐኪሙን ማዘዣ፣ የመጨረሻውን የደም ውጤት በስልክ ፎቶ አንሡና ለሁለት የቤተሰብ አባላት ላኩ። መድኃኒቱ ከተቋረጠ በየትኛው ቀን እንደቆመ ደብተሩ ላይ ጻፉ፤ በቀረበው ሆስፒታል የሚያገኛችሁ ሐኪም በምን ያህል መጠን እንደሚመልሰው የሚወስነው ከዚያ ተነሥቶ ነው።